ፓትሪያ እና አገር ቤት

ሮም ውስጥ የምንከባከባቸው አሮጊት የደቡብ ጣሊያን፣ የካላብሪያ ሰው ናቸው። ከስልሳ ዓመት በላይ እዚህ ከተማ ኖረዋል። ዛሬም ግን ሲከፋቸው «ፓኤዜ ውሰዱኝ» ይላሉ። ፓኤዜ በጣሊያንኛ አገርም ነው፣ መንደርም ነው። እሳቸው የሚሉት ያቺን ተራራ ላይ ያለች መንደራቸውን ነው።

ይህን ስሰማ እናቴ ትዝ ትለኛለች። አዲስ አበባ ሆና «አገር ቤት ደርሼ ልምጣ» ካለች መንዝ መሄዷ ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ አገር ቤት የምለው አዲስ አበባን ሆኗል።

ጣሊያኖች ለትልቁ አገር ሌላ ቃል አላቸው፤ ፓትሪያ። ከላቲን የወረሱት ነው። ፓተር አባት ማለት ነው፣ ፓትሪያም የአባት ምድር። ስፔኖችና ፖርቱጋሎች ያንኑ ቃል ይዘዋል፣ ፈረንሳዮች ፓትሪ ይሉታል። ደስ የሚለኝ ነገር፣ ቃሉ ከአባት ተወልዶ በሰዋስው ግን ሴት ነው። ስፔኖች እንዲያውም «ማድሬ» ጨምረውበት ማድሬ ፓትሪያ ይላሉ። ማድሬ እናት ናት። እኛ በቀጥታ እናት አገር ብለናል።

ፒያሳ ቬኔዝያ ላይ የቆመው ትልቁ ነጭ ሐውልት የፓትሪያ መሠዊያ ይባላል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ንግሥት ኤሌና የጋብቻ ቀለበቷን የሰጠችው እዚያ ነው። ጣሊያን እኛን በመውረሯ የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጥሎባት ነበር። ስለዚህ ሙሶሊኒ «ወርቅ ለፓትሪያ» ብሎ የሴቶቹን ቀለበት ሰበሰበ። ምትኩ የብረት ቀለበት ነበር።

ይህን በታሪክነቱ አውቀው ነበር። ባለፈው ክረምት ግን አሮጊቷ ከመሳቢያ አንድ ትንሽ ጨርቅ አወጡና ፈቱት። የእናታቸው የብረት ቀለበት ነው። ውስጡን ሳየው «ኦሮ አላ ፓትሪያ»፣ ወርቅ ለፓትሪያ፣ የሚለው ጽሑፍ ገና ይነበባል። መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ቅልል ያለ ነገር ነው።

«እናቴ ወርቁን ስትሰጥ አልቅሳለች» አሉኝ። የአባቴ አባት ማይጨው ዘምቶ እንዳልተመለሰ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። እጄን ከነቀለበቱ ይዘው ብዙ ቆዩ።

ቆይተው «ያንቺስ ፓኤዜ ማን ይባላል?» አሉኝ።

ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። «መንዝ» አልኳቸው።