ላኪዋ ነኝ እንጂ ተቀባይዋ አይደለሁም

በ2005 በኮንትራት ኩዌት ስገባ ማዳም መጀመሪያ የወሰደችብኝ ፓስፖርቴን ነው፣ ቀጥሎ ስልኬን። በኋላ ውጪ የምትሠራ የሀገሬ ልጅ ገዝታ በደበቀችልኝ ስልክ፣ ሩዝ ጆንያ ውስጥ ሸሽጌ፣ ማታ ሁሉም ሲተኛ ሽንት ቤት ገብቼ ድምፄ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍቼ ደሴ ለእናቴ እደውላለሁ። "ልጄ ዝናብ ነው እንዴ እዛ?" ትለኛለች።

አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒኗ ግን በ2010 ግንቦት መጨረሻ ላይ ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብላ ስልኳን በእጇ ይዛ ስትስቅ አየኋትና ምን ተገኘ አልኩ። ለካ የአንዲት ሀገሯ ልጅ ሬሳ ኩዌት አፓርታማ ፍሪዘር ውስጥ ከተገኘ በኋላ የዚያን ጊዜው ፕሬዝዳንታቸው ዱቴርቴ በየካቲት ሠራተኛ ወደዚህ እንዳይመጣ ከልክሎ ነበር፣ ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ ኩዌት ስምምነት ፈረመች፤ አሠሪ ፓስፖርት አይዝም፣ ስልክም አይከለክልም። ማዳም ወሬውን ከቲቪ ሰምታ ነው መሰለኝ ለሷ ሰጠቻት። የኔስ ስላት "ያንቺ ሀገር የፈረመው የለም" አለችኝ፣ ምን ልመልስላት?

እኛም እኮ ከልክለን ነበር። ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰዋችንን ባባረረችበት በ2006 መንግሥት ወደ አረብ ሀገር ለሥራ መሄድን አገደና እስከ 2010 ድረስ እንደታገደ ከረመ። ታዲያ ሰው መች ቀረ፣ የአክስቴ ልጅ ራሷ በመተማ በኩል ሱዳን ገብታ ነው የወጣችው፣ ሌላው በጅቡቲ በጀልባ ወደ የመን። እነሱ እገዳውን ይዘው ተደራደሩበት፣ እኛ በሩን ዘግተን ቁልፉን ለደላላ ሰጠነው።

የፊሊፒን መንግሥት ፃድቅ ነው እያልኩ አይደለም፣ ሕዝቡን እንደ ሙዝ ኤክስፖርት ነው የሚያደርገው፣ ጓደኛዬም ስታማው ነው የምትውለው። ግን በየኮንትራቱ 25 ዶላር ለሠራተኞች ፈንዳቸው ይከፈልላታል፣ በዛች ብር ችግር ሲመጣ ወደ ሀገር መመለሻ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ለልጆች ስኮላርሺፕ አለ። ደሞዟም ያኔ ከ400 ዶላር በታች እንዳይሆን ሀገሯ ወስና ነበር። እሷ 120 ዲናር እኔ 75፣ ያው ወለል ነው የምንጠርገው።

እኛ ጋ ዲያስፖራ ሲባል የሚታሰበው የአሜሪካና የአውሮፓው ነው። በ2010 ክረምት በቀን 1 ዶላር ለሀገር ልማት አዋጡ ተባለ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው አልጠላሁትም። በ2014 ገና ላይ አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ወደ ሀገር ቤት ይግባ ተብሎ ሆቴሉ ቅናሽ፣ አቀባበሉ ሞቅ ደመቅ። በዛው ዓመት መጋቢት ላይ ደግሞ ከሳዑዲ 100 ሺህ ሰው መመለስ ተጀመረ፣ የነሱ ስም ግን "ተመላሽ" ነው፣ ያውም ብዙዎቹ ስንት ወር እስር ቤት ከርመው።

ሀዋላውን አልደብቅም፣ እኔም በጥቁር ገበያ ስልክ ነበር። በሕጋዊ መንገድ ላኩ፣ ሀገራችሁን ውደዱ እያሉ ይሰብኩናል፣ ያኔ ባንክ ዶላሩን 57 ብር ሲለው ውጪ ከ100 በላይ ነበር፣ የእናቴን የመድኃኒት ብር ግማሹን ለማን ልተውለት? በ2016 ሐምሌ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅና ባንኩም ቆይቶ 100ን ሲያልፍ ማንም ሳይሰብከኝ ወደ ባንክ ዞርኩ። የኑሮ ውድነቱን እናቴን ጠይቋት እንጂ ይሄ እንኳን ሠርቷል፣ ሲሠራም ይነገር።

በ2017 ለእረፍት ገብቼ የዲያስፖራ የቤት ብድር የሚል ማስታወቂያ አይቼ አንድ ባንክ ሄድኩ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ወንበር ስቦልኝ "ከየት ስቴት ነው የመጡት?" አለኝ። ከኩዌት ስለው "እእ... አረብ ሀገር ከሆነ እዛ ማዶ ጠይቂ" አለ፣ "እርስዎ"ው እዛው ቀረ። ማዶ ስሄድ ለካ ከውጭ የተላከ ብር መቀበያው መስኮት ነው። እኔ ላኪዋ ነኝ እንጂ ተቀባይዋ አይደለሁም ልል ዞር ስል አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ዘረጉልኝ። "አንብቢልኝ የኔ ልጅ፣ ጅዳ ያለችው ልጄ ልካልኝ ነው። ላንቺስ ማነው የላከልሽ?"

"እኔው ነኝ እማማ" አልኩና ቁጥሩን አነበብኩላቸው።