ባሕር ዳርን ከፋይል ለቅሞ ማውጣት ይህን ያህል ያታግላል?

ኧረ ጎበዝ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንቀጥለው? የጎጃም ከተሞችን ስም ከአንድ የጽሑፍ ፋይል ለይቶ ለማውጣት በየግሩፑ የሚዞሩትን የሼል ስክሪፕቶች (ተርሚናል ላይ የሚሠሩ የኮማንድ ፋይሎች) ሳይ ደሜ ይፈላል።

የቡሬንም የሞጣንም መስመሮች የሚፈልግ ሰው ግሬፕን (የተፈለገው ቃል ያለበትን መስመር ለይቶ የሚያወጣውን ኮማንድ) በፓይፕ፣ ማለትም የአንዱን ውጤት ለቀጣዩ በሚያቀብለው ምልክት፣ ከሌላ ግሬፕ ጋር ይቀጥላል። ይኼ እኮ ሁለቱም ስሞች ያሉበትን መስመር ብቻ ነው የሚያወጣው! አንዳቸው ያለበትን ሁሉ ከፈለጋችሁ አንድ ግሬፕ ይበቃል፦ ሰረዝ ትልቁ ኢ (-E)፣ ከዚያ 'ቡሬ|ሞጣ'። ነጠላ ጥቅሱ ከተረሳ ሼሉ ዘንጓን (|) ፓይፕ ያደርጋትና «ሞጣ የሚባል ኮማንድ የለም» ይላል። ለማማር ብላችሁ በዘንጓ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ አትተዉ፤ እሱም አብሮ ይፈለጋል። ሙሉ ቃል ብቻ የሚፈልገውን ሰረዝ ደብሊውንም (-w) ዝም ብላችሁ አትጨምሩ፤ «ከቡሬ» እና «ሞጣን» ያመልጧችኋል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የፊደሉ ጉዳይ ነው። መዝጋቢው አንዴ ባህር ዳር፣ አንዴ ባሕር ዳር፣ አንዴ ባሕርዳር እያለ ያስገባል። እሺ፣ በዚያው በሰረዝ ትልቁ ኢ 'ባ[ህሕኅ]ር ?ዳር' (ከቅንፉ አንዱ ፊደል፣ ክፍት ቦታው ኖረም አልኖረም) ተብሎ ይጻፋል፤ ተርሚናል ላይ ይሠራል። ስክሪፕትን በቀጠሮ ሰዓት በራሱ የሚያስነሳው ክሮን ውስጥ ሲገባ ባዶ! ስህተት አለ እንኳ አይልም፤ ሪፖርቱ ላይ ባሕር ዳር ዜሮ ሆና ትወጣለች፣ ማንም ልብ አይልም።

ክሮን ብዙ ጊዜ የተርሚናሉን ሎኬል (የቋንቋና የፊደል ቅንብር) አይወርስም፤ ሲ በሚባለው ሎኬል ነው የሚሠራው። በዩቲኤፍ-8 (ፊደል በባይት በሚቀመጥበት ሥርዓት) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ በሲ ሎኬል ደግሞ ማዕዘን ቅንፍ የሚያገኘው 1 ባይት ብቻ ነው። የቀሩት 2 ባይቶች መሃል ላይ ይደነቀሩና ፓተርኑ (የፍለጋው ቅርጽ) ይከሽፋል። 'ባ(ህ|ሕ|ኅ)ር ?ዳር' ብላችሁ በክብ ቅንፍ ብትጽፉት ባይቶቹ እንደ ቅደም ተከተላቸው ስለሚፈለጉ በሁለቱም ሎኬል ይሠራል። አንዲት የቅንፍ ለውጥ እኮ ናት! ያም ሆኖ ስክሪፕቱ አናት ላይ ሎኬሉን ራሳችሁ ኤክስፖርት አድርጉ፤ ማሽኑ ላይ የትኛው እንዳለ «ሎኬል ሰረዝ ኤ» ያሳያችኋል።

ከተሞቹ ከበዙ ፓተርኖቹን በየመስመሩ ፋይል ውስጥ አድርጉና በሰረዝ ትንሹ ኤፍ ስጡት። ግን ባዶ መስመር እንዳይኖር! አንድ ባዶ መስመር ካለ ሁሉም ነገር ይመጣል። ይኼ የፓተርን ፋይል ከዊንዶውስ የመጣ ከሆነ ደግሞ በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ስለሚኖር ፍለጋው ምንም አያገኝም፤ መጀመሪያ በዶስ-ቱ-ዩኒክስ (dos2unix) ኮማንድ አጽዱት።

ሰረዝ ትንሹ ሲ (-c) የሚቆጥረው ደግሞ መስመር ነው፤ ፍኖተ ሰላም በአንድ መስመር ሦስቴ ብትጠራም አንድ ብሎ ያልፋታል። እያንዳንዱን ለመቁጠር በሰረዝ ትንሹ ኦ አውጥታችሁ መስመሮቹን ቁጠሩ።