ሰሃኑ፣ ዘንቢሉና ደቻቱ

ዘንድሮ ገናን ድሬ ነበር ያከበርኩት። እህቴ ሻንጣዬን ስትፈታ ከሽቶውም ከጫማውም በፊት ብድግ ያደረገችው ሦስት የፕላስቲክ ሰሃን ነበር። አንዱ ብርቱካንማ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ነጭ። ገለባብጣ አየቻቸው።

«አቦ፣ አሜሪካ ድረስ ሄደህ ሰሃን ይዘህ መጣህ? እዚሁ ታይዋን ገበያ ሞልቶ የለም እንዴ?»

ሰሃን አይደለም ብላት ማን ይሰማኛል። ዲስክ ነው። ዲስክ ጎልፍ የሚባል ጨዋታ መጫወቻ። በዱላና በትንሿ ነጭ ኳስ ፋንታ ይህንን ትወረውራለህ። በጉድጓድ ፋንታ ደግሞ ከላዩ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት አለ። ሰሃኑ ከወደቀበት ቆመህ እንደገና ትወረውራለህ። በጥቂት ውርወራ ቅርጫቱ ውስጥ የከተተ አሸነፈ። አብዛኛውን ጊዜ አሥራ ስምንት ቅርጫት ዞረህ ታበቃለህ።

ሚኔሶታ ውስጥ ይህን ያስተማረኝ መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ ሰው ነው። «እሑድ የድሮው ጎልፍ ሜዳ እንሂድ» ሲለኝ መጀመሪያ ያደረግኩት ኪሴን መዳበስ ነበር። ጎልፍ ሲባል የማውቀው አዲስ አበባ አሮጌ ኤርፖርት አካባቢ፣ ከአጥር ማዶ ያለ አረንጓዴ ነገር ነው። የአምባሳደሮች ጉዳይ። ሸሚዜን ተኩሼ ሱሪዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። ስደርስ አንዱ በነጠላ ጫማ ነው፤ ሌላዋ ሕፃን በጋሪ እየገፋች ትወረውራለች። አንዱ ከውሻው ጋር ይሟገታል። በር ላይ የሚጠይቅ የለም። በር ራሱ የለም። እንደኔ የለበሰ ሰው ሜዳው ላይ አልነበረም፤ ምናልባት የሜዳው ባለቤት የድሮ ፎቶ ላይ ካልሆነ።

ሜዳው በፊት እውነተኛ ጎልፍ ሜዳ ነበር። ጠጋ ብለህ ስታይ አሁንም ይታወቃል። ባለ ጋሪዎቹ ይሄዱበት የነበረው ጠባብ አስፋልት እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ መሐሉን ሣር ሰንጥቆታል። ኳስ እንዲቀበር ተብሎ አሸዋ የተሞላባቸው ጎድጓዳ ቦታዎች አረም ወርሷቸዋል። ድሮ ጉድጓዶቹ የነበሩበት ቦታ ሣሩ እስካሁን መልኩ ይለያል፤ የተነሳ ድንኳን አሻራ ይመስላል።

ለምን ተዘጋ ብዬ ጠየቅኩ። ታሪኩ የዚያ ሜዳ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጎልፍ ሜዳ እንደ አሸን ፈላ። ተጫዋቹ ግን የታሰበውን ያህል አልመጣም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ከሚከፈቱት የሚዘጉት በለጡ። ጎልፍ ደግሞ ሥራ ቢፈታም ወጪው አያርፍም። ኳሷ እየተንከባለለች 108 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ጉድጓድ ውስጥ እንድትገባ ሣሩ ምንጣፍ መሆን አለበት። ምንጣፍ እንዲሆን ይታጨዳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ መድኃኒት ይረጭበታል። ሰሃን ግን በአየር ነው የሚሄደው። ሣሩ ቢያድግ ባያድግ ምን ገዶት። አሥራ ስምንት የብረት ቅርጫት ትተክላለህ፣ መነሻው ላይ ትንሽ ሲሚንቶ ታፈሳለህ፣ አለቀ።

እኔ ስታዘበው፣ ሜዳውን ለሕዝብ የከፈተው የማንም ቸርነት አይደለም። ኪሳራ ነው። ለባለ ገንዘቡ የማይሆን ሲሆን ለእኛ ተረፈን። ይህን ካሰብኩ ወዲህ ደቻቱን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። እዚያ እመጣለሁ።

ጨዋታው አባትም አለው። ኤድ ሄድሪክ ይባላል። ፍሪዝቢ የሚባለውን መወርወሪያ የፕላስቲክ ሰሃን ያመርት በነበረው ዋም-ኦ ኩባንያ ሲሠራ የዛሬውን ፍሪዝቢ ቅርጽ ያስያዘ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ካሊፎርኒያ፣ ኦክ ግሮቭ ፓርክ ውስጥ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ ዘረጋ። ዒላማው መጀመሪያ ዝም ብሎ የቆመ ምሰሶ ነበር። ታዲያ «ነካ»፣ «አልነካም» ጭቅጭቅ አላስቆም አላስቀምጥ አለ። ሰንሰለቱና ቅርጫቱ የመጡት ያንን ለመገላገል ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሞት አመዱ ፕላስቲክ ውስጥ ተደባልቆ ዲስክ ተሠራበት፤ ኑዛዜው ነበር። ይህን ቡና ላይ ሳወራ ጎረቤታችን ሲኒዋን አስቀመጠች። «አስተግፊሩላህ! ሰውየውን ሰሃን አደረጉት?» ከዚያች ቀን ወዲህ ነጩን ዲስክ በእጇ አልነካችም። ያኛው እንዳይሆን ፈርታ ነው መሰለኝ።

በማግስቱ ማለዳ 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትከር፣ ከእህቴ ልጅ ጋር ወደ ከዚራ ወጣን። ከዚራ ለዚህ ጨዋታ የተፈጠረ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ከጅቡቲ ሲደርስ በቀጥታ መስመር የተቀየሰ መንገድ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ። ሌላ ከተማ ያለ ሰው ያንን ቀይ አበባ የሚያወጣውን ዛፍ «የድሬዳዋ ዛፍ» ሲለው ደስ ይለኛል። ቅርጫት አልነበረንም። የእህቴን ዘንቢል ሳታየን ወስደን አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልነው።

ሁለት ጊዜ እንደወረወርን ዘበኛ መጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጨዋታ ነው።»

«ፈቃድ አላችሁ?»

ሰሃን ለመወርወር ፈቃድ! ሣሩን እንዳንረግጥ ነገረን። ዘንቢሉን እንድናወርድ ነገረን። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ቆይቶ ራሱ አንድ ጊዜ ልሞክር ብሎ ወርውሮ ሳቀ። ግን ሣሩ እንዲታይ ነው የተተከለው፤ የሱ ሥራም ማየት ብቻ መሆኑን ማስረዳት ነው። ሚኔሶታ ሜዳውን ለሰው የተዉት ሣሩን ከተዉት በኋላ መሆኑ ትዝ አለኝ።

ሄድን ወደ ደቻቱ።

ደቻቱን ለማያውቅ፤ ከዚራንና መጋላን የሚለይ ወንዝ ነው። ወንዝ ስል ውሃ እንዳይመስላችሁ። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ገበያም ነው፣ ኳስ ሜዳም ነው፣ መንገድም ነው። ውሃው ሲመጣ ግን አይቀለድም። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ላይ ደራሽ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ከዚያ በኋላ ዳርና ዳሩ በግንብ ታጠረ። ልጅ ሆነን ኳስ የምንጫወትባቸው ሌሎች ሜዳዎች ዛሬ ሕንፃ ናቸው፤ ያልሆኑትም በሰዓት የሚከፈልባቸው ናቸው። ደቻቱ ለልጆቹ የቀረው ጎርፉ ስለሚጠብቅላቸው ነው። ማን ደፍሮ መሐሉ ላይ ቤት ይሠራል? ሚኔሶታ ኪሳራ፣ ድሬ ጎርፍ። ልጅ የሚጫወተው ገንዘብ የሸሸው መሬት ላይ ነው።

ዘንቢሉን የእንጨት ዘንግ ላይ ሰቅለን አሸዋው ውስጥ ተከልነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አሥራ አምስት ልጅ ከበበን። «ጋሼ! ጋሼ ሰሃኑን ወርውርልን!» እኔም ዲያስፖራነቴን ላሳይ ብዬ በኃይል ወረወርኩ። ሰሃኑ ሳይርቅ ወደ ግራ ተጠማዞ ግንቡን መታ። ሳቁን ተዉት። በቀኝ እጅ ከደረት የተወረወረ ዲስክ ጉልበቱ ሲያልቅ ወደ ግራ ማዘንበሉ ያለ ነው። ግን ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከሚኔሶታ ይሳሳል፣ ቀድሞ ያዘነብላል። ይህን ላስረዳ ስሞክር አንዱ ትንሽ ልጅ፣ «ሰበብ ነው!» አለኝ። ምናልባት ልክ ነው።

ሚኔሶታ ላይ አራት ሰው ተራውን ጠብቆ ይወረውራል፤ ከቅርጫቱ የራቀው ይቀድማል፤ ሌላው ትንፋሹን ይውጣል። ሦስት ክረምት አብሬያቸው ዞሬ የማንንም ቤት አላውቅም። ደቻቱ ላይ ተጫዋች አራት፣ ዳኛ ሃያ ነው። ግንቡ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ይፈርዳሉ። ዘንቢሉን ነክቶ የወደቀ ሰሃን ገባ ይባላል ወይስ አልገባም? ጭቅጭቁ ሄድሪክን ከመቃብር ያስነሳል፤ መቃብር ቢኖረው። አንድ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ከዳር ሆነው፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» ብለው አበረዱልን። ነጥቡን ግን ለኔ አልሰጡም።

አራት ሰዓት ላይ ሙቀቱ አባረረን። ስንቆጥር ብርቱካንማው የለም። ልጆቹ በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ ማን ጋር እንዳለ ማን ያውቃል። እህቴ ያዘነችው ለዘንቢሏ ነው፤ አንዱ ጆሮው ተበጥሷል። ሰማያዊውን በካሣ ወሰደች። ዛሬ የሳምቡሳ ማቅረቢያ ነው።

አሜሪካ አንድ ልማድ አለ። ተጫዋቹ ዲስኩ ጀርባ ላይ ስልኩን ይጽፋል፤ ጫካ ውስጥ ያገኘው ሰው ይደውልለታል። እኔም ጽፌበታለሁ። ሻንጣ ውስጥ ስከተው ለቀልድ ከፊቱ 001 ጨምሬበት ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ሚኔሶታ በረዶ ላይ ነኝ። ነጩን ዲስክ በረዶ ውጦት እንዳይቀር ጅራት የመሰለ ሪባን ለጥፌበት ነው የምጫወተው። አንድ ሌሊት፣ በኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ላይ፣ ከ251 ሚስኮል ገባ። ስደት ያለ ሰው ያውቃታል ያቺን ሚስኮል። በዚያ ሰዓት ከአገር ቤት የሚደወለው ለመርዶ ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ መልሼ ደወልኩ። ጫጫታ፣ የባጃጅ ጡሩምባ፣ ከዚያ ቀጭን የልጅ ድምፅ።

«ጋሼ፣ ሰሃንህ እኛ ጋ ነው። ዘንቢሉን መቼ ነው የምታመጣው?»