ቀይ ስትለቅሙ አረንጓዴውን ተዉት

የአጋሮ፣ የጎማ፣ የማና፣ የጌራ ሰዎች ሆይ፣ ቡናችን በውጭ ገበያ «ጅማ 5» እየተባለ እስከ መቼ ይጠራል? አምስተኛ ደረጃ ማለት ነው። ከዚሁ ዞን ታጥቦ በሊሙ ስም የሚወጣው ቡና የተሻለ ዋጋ ያገኛል። የኛ የሚዋረደው ከቅርንጫፉ እስከ ጆንያው ባሉት ሳምንታት ነው፤ የሚያዋርደውም የኛው እጅ ነው።

ጥቅምት ሲገባ ቅርንጫፉን ጨብጣችሁ ቁልቁል የምትገፉ ሁሉ፣ እስቲ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ እዩት። ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ ዛፍ ላይ ደርቆ የጠቆረም አለ፣ ቅጠል ተቀላቅሎበታል። አረንጓዴው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ስሱ ገለፈቱ ተጣብቆ ይቀራል፣ ሲቆላ ገርጥቶ ስኒ ውስጥ የገለባ ጣዕም ይሰጣል። ቡና ባንድ ቀን አይበስልም። ሦስት አራት ዙር ተመላልሶ ቀዩን ብቻ መልቀም ግድ ነው። ግፈፋው ደግሞ ቅጠሉንና ለጋውን ጫፍ ይዞ ይወርዳል፤ የከርሞው አበባ የሚወጣው በዚያ ለጋ ላይ ነበር።

«ሌባ ይቀድመኛል» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ሌባ አለ። የሌባውን እሸት የሚገዛው ግን ማን ነው? ከሱቅ ጀርባ ሚዛን ሰቅሎ፣ አረንጓዴውንም ቀዩንም ባንድ ዋጋ የሚሰበስብ ነጋዴ ነው። አንተ ወንድማችን፣ ለቀዩ ብልጫ ካልከፈልክ ገበሬው ለምን ይታገሣል? ሌባውን የምትቀጥረው አንተው ነህ። ገበሬዎችም በየማሳው ለብቻ ከመስጋት በየሠፈሩ ተራ ጠባቂ አቁሙ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ቡናውን ፀሐይ ላይ አስጥተን የምናደርቅበት መንገድ ነው። ከጅማ ወደ በደሌ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ የመኪና ጎማና ናፍጣ በሚነካው ቦታ ቡና ይሰጣል። በየደጁ ባዶ መሬት ላይ ዶሮ ይጭረዋል፣ ፍየል ይረግጠዋል። ቡና ሽታ ይስባል፤ የአፈሩን እርጥበትና ጠረን ይጠጣል፣ ቀማሹም በመጀመሪያው ጉንጭ ያውቀዋል። በደረጃ ምደባ ከ100 ነጥብ 60ው የቅምሻ ነው።

ቡናውን ከመሬት አንሥቶ የሚያደርቅ የማስጫ አልጋ ውድ ነገር አይደለም። የባሕር ዛፍ ቋሚ ትከሉ፣ ከመሬት ከ80 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ነፋስ ከሥር እንዲገባ ነው። ስፋቱ ከሁለት ወገን እጅ መሐሉን የሚደርስበት ይሁን። ላዩ የወንፊት ሽቦ ወይም የቀርከሃ ምንጣፍ ይሁን። ፍሬው ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ብቻ ይሰጣ። ክምሩ ከወፈረ ታችኛው ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ይሻግታል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደጋግማችሁ አገላብጡት። ማታ ሸፍኑት፤ ላስቲኩ ግን ፍሬውን አይንካ፣ ላቡ መልሶ ያረጥበዋል። ዝናብ የነካውን ከደረቀው አትቀላቅሉ፤ አንድ ቁና እርጥብ ሙሉ ጆንያ ያበላሻል።

እሸቱ ሲለቀም እርጥበቱ ከ60 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ 11.5 በመቶ መውረድ አለበት። በጥሩ ፀሐይ ከ15 እስከ 21 ቀን፣ ደመና ከበዛ ከዚያም በላይ ይወስዳል። ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀውን ቡና፣ ጆሮ አጠገብ ነቅንቁት፣ ፍሬው ውስጡ ይንኳኳ። ከ6 ኪሎ ቀይ እሸት ወደ 2 ኪሎ ጀንፈል፣ ከዚያም ወደ 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ይገኛል። ሚዛን እንዲደፋ ብላችሁ በእርጥቡ የምትሸጡት ያቺኑ 1 ኪሎ ታበላሻላችሁ።

ማዳበሪያ በነበረበት ከረጢት አትክተቱ። ጆንያውን በርብራብ ላይ ከግድግዳ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ጋዝ፣ በርበሬና ኮረሪማ አጠገቡ አይደር።

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባ ብዙ ማሳ ባዶ ሆኖ ነበር። ከመቱ አካባቢ ደን ተመርጠው በጅማ ምርምር ማዕከል የተፈተኑት፣ በሽታውን የሚቋቋሙት የቡና ዝርያዎች እነ 74110 እና 74112 ናቸው የታደጉን፤ 74ቱ ምርጫው የተጀመረበት እ.ኤ.አ. 1974 ነው። ያን ያህል ተለፍቶ ዛፍ የቆመለትን ፍሬ አስፋልት ላይ መበተን ምን ይባላል?

ቀይ ፍሬ እስኪታይ አትጠብቁ። የአምናው ሽቦ ከተበጠሰ፣ ቋሚው ምስጥ ከበላው፣ በመስከረም ጠግኑት።