ሽማግሌ ያስታረቀው የግድያ ጉዳይ፣ ክሱ ይዘጋል ወይ?

ከላይ አስተያየት ከሰጣችሁት ብዙዎቻችሁ «ደም ከደረቀ፣ ካሳ ከተከፈለ ፖሊስም ፍርድ ቤትም አያገባውም» ብላችኋል። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይሄ ልክ አይደለም።

እርቁ ትልቅ ነገር ነው። ገዳይ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ በሟች ቤተሰብ ፊት ሲቆም፣ ሽማግሌዎቹ መሀል ገብተው ሲለምኑ፣ የሚቆመው በቀሉ ነው። ወንድም ለወንድሙ ደም እንዳይነሳ ያደርጋል። ክሱ ግን የመንግሥት ነው። ግድያ በግል አቤቱታ ብቻ ከሚያስከስሱት ወንጀሎች ውስጥ ስለሌለ የሟች ቤተሰብ «ታርቀናል» ስላለ ብቻ አይቀርም።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ፣ የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 ያንብብ። ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፣ የግል አቤቱታ የሚል ነገር የለበትም። አንቀጽ 82ንም እዩት፤ መጸጸትና የተቻለውን ያህል መካስ ቅጣት ያቀላል ይላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34(5) ለባህል ዳኝነት በር የከፈተው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ እሱም ሁለቱም ወገን ከፈቀዱ።

ይሄን ደጋግሜ የምለው መዘዙ ከባድ ስለሆነ ነው። ሰውየው «አለቀልኝ» ብሎ ከተሸሸገበት ይወጣና ይያዛል። ወገኖቹ ደግሞ የሟች ቤተሰብ መሐላውን አፍርሶ አስያዘው ብለው ያስባሉ፣ ያ ሁሉ የተለፋበት እርቅ ይፈርስና ቂሙ እንደገና ይነሳል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ገና ሲቀመጡ ለሁለቱም ወገን ይሄን በግልጽ ይንገሯቸው፣ የወረዳውን ዐቃቤ ሕግም ቀድሞ መጠየቅ ይቻላል።