ከቦሌ ደለስ ስንት ሰዓት ነው?

ቲኬት ተቆረጠ በተባለበት ቤት ጥያቄው አንድ ነው፦ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አጎት 10 ይላሉ። ኢንተርኔት ያየው ልጅ 17 ይላል። ባለፈው ዓመት ከአሜሪካ የመጡት አክስት ደግሞ «ኧረ 20!» ብለው ይምላሉ። ጉዱ፣ ሦስቱም ምክንያት አላቸው።

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ ደለስ (የቴክሳሱ ዳላስ ሌላ ነው፤ እዚያም ዘመድ አይጠፋም) ያለው የአየር ርቀት ከ11,500 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ሲካፈል 13 ሰዓት ገደማ ይመጣል፤ ይህ ግን የሚሠራው ሲመለሱ ነው። ሲሄዱ ቦሌ እጅ ይይዛል። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ሳስቷል፤ ክንፉ እንደልቡ አያነሣም፣ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። ሰውና ጭነት ሞልቶ፣ ለሙሉው መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ጨምሮ መነሣት ከባድ ነው። ስለዚህ እንደ ደብሊን ወይም ሎሜ ባለ ቦታ አርፎ ይቀዳል። ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስም ፊት ለፊት ይገፋዋል። በዚህ ሁሉ 17 ሰዓት ይሞላል። ደለስ ግን ዝቅ ያለ ሜዳ ነው፤ ሲመለስ ታንኩን ጢም አድርጎ፣ ነፋሱን ከኋላ አዝሎ በቀጥታ ይመጣል።

የአጎትና የአክስት ጠብ የሚነሣው ከሰዓት ልዩነቱ ነው። ዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ከእኛ ወደኋላ ነች። ማታ 4:30 የተነሣ ሰው በማግስቱ ጠዋት በእነሱ 2:30 ይደርሳል፤ አጎት በጣታቸው ቆጥረው 10 አሉ። ሲመለስ ረፋድ 5 ሰዓት ተነሥቶ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ቦሌ ነው፤ አክስት 20 አሉ። አጭሩ መንገድ ረዘመ፣ ረጅሙ አጠረ። ሁለቱን ማስታረቅ የሽማግሌ ሥራ ነው።

ከዚህ የባሰው ቲኬቱን ማንበብ ነው። 10:30 የሚል ካለ ረፋድ 4:30 ማለት ነው፤ በ10 ሰዓት ተኩል የመጣ ሰው የሚያገኘው ባዶ ሰማይ ነው። 00:30 ደግሞ ወጥመድ ነው። ማክሰኞ 00:30 የሚል ቲኬት የእኛ ሰኞ ሌሊት 6:30፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ጎትቶ የሚመጣ አይጠፋም፤ ሸኚው በሁለት ሚኒባስ ተከትሎት።

ሻንጣውስ? ሁለት፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ከሆነ 46 ነው፤ የቤተ ዘመዱ አደራ ግን 70። ሚዛን ላይ ሻንጣውን አቅፎ መቆምና የራስን ክብደት መቀነስ ነው፤ ችግሩ፣ ክብደቱን የሚናገር ሰው አይገኝም። በርበሬው ሁለቴ በፌስታል፣ አንዴ በፕላስተር ይታሸግ፤ ከፈነዳ ሱፉ ወጥ ይሆናል። ቋንጣውን ግን ተዉት፤ የአሜሪካ ጉምሩክ ሥጋ አያሳልፍም፣ «የእናቴ እጅ ነው» ቢባልም።

አውሮፕላኑ በተነሣ በ10ኛው ሰዓት አጎት ይደውላሉ። ስልኩ ዝግ ነው። ደግመው ይሞክራሉ፤ ዝግ። እናት ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ስለት ይገባል። ተጓዡ በዚያች ደቂቃ አትላንቲክ ላይ «ዶሮ ወይስ ፓስታ?» እየተባለ ነው።