እርማት፦ «ግራንት ኦል» ሁሉንም አይሰጥም

ዲስፔስ (ሰነዶችን በዲጂታል የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር) የፈቃድ ስህተት ሲያሳይ «ለሚገባበት ተጠቃሚ ዳታቤዙ ላይ ግራንት ኦል (ሁሉንም ፈቃድ ስጥ የሚለውን ትእዛዝ) ስጠው፤ እምቢ ካለህ ሱፐርዩዘር (ምንም የማይከለከል ተጠቃሚ) አድርገውና ተገላገል» ያልከውን አየሁት ወንድሜ። ብዙ ሰው የሚለው ነው፤ እኔም ድሮ አምነው ነበር። ግን ልክ አይደለም።

ፖስትግሬስ በሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ላይ በዳታቤዝ ደረጃ የሚሰጥ ግራንት ኦል የሚፈቅደው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ መገናኘት፣ አዲስ ስኪማ (ቴብሎች የሚቀመጡበት ክፍል) መፍጠርና ጊዜያዊ ቴብል መሥራት። ውስጥ ያሉትን ቴብሎች አይነካም። የግቢውን ቁልፍ ሰጥቶ የክፍሎቹን እንደ መከልከል ነው። ፖስትግሬስ ስሪት 14 ላይ ችግር ያልነበረው ዲስፔስ 15 ላይ እንደ አዲስ ሲጫን «ፐርሚሽን ዲናይድ ፎር ስኪማ ፐብሊክ» (ፐብሊክ በሚባለው ስኪማ ላይ ፈቃድ የለህም) ብሎ ቀጥ የሚለውም ለዚህ ነው። ድሮ ማንም ገብቶ ፐብሊክ ስኪማ ውስጥ ቴብል መፍጠር ይችል ነበር፤ ከ15 ጀምሮ ያ ነፃ ፈቃድ ለአዲስ ዳታቤዞች ቀርቷል።

መፍትሔው አፕሊኬሽኑ የሚገባበትን ተጠቃሚ የዳታቤዙ ባለቤት ማድረግ ነው። ቴብሎቹን ቀድሞ ሌላ ተጠቃሚ ፈጥሯቸው ከሆነ ግን የእነሱንም ባለቤትነት ለየብቻ ቀይር፤ አብሮ አይዞርም። ሱፐርዩዘሩን እርሳው። አፕሊኬሽኑ ከተጠለፈ ጠላፊው በዚያ በኩል ሰርቨሩ ላይ ትእዛዝ ማስኬድ ይችላል።

ፋይል መጫን ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ ዳታቤዙን አትነካካ። ዲስፔስ ፒዲኤፉን የሚያስቀምጠው በተለምዶ አሴትስቶር የሚባል ፎልደር ውስጥ እንጂ ቴብል ውስጥ አይደለም። ፎልደሩ ላይ መጻፍ ያለበት ቶምካትን (ዲስፔስ የሚሠራበትን የሰርቨር ሶፍትዌር) የሚያስኬደው የሊኑክስ ተጠቃሚ ነው። ባለቤቱ ሩት (የሊኑክሱ ዋና አስተዳዳሪ) ሆኖ ካገኘኸው ጥፋቱ እሱ ነው።